ባዶ መኪና «ተጭኛለሁ» ሲል፦ ስለ ባሌስትራ፣ ስለ ከፍታና ስለ ፍሬን

(ይህ ጽሑፍ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለእንግዶች ፒያሳ ላይ በቃል ከቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ የተወሰደ ነው። በሰሌዳ ላይ የተሠሩት ስሌቶች በቃላት ተገልጸዋል።)



የዛሬው ርዕሴ ሲሰሙት ጠባብ ነው። አንድ ፒክአፕ መኪና የኋላ ባሌስትራው ተለውጦ ቁመቱ ዝቅ ቢደረግ ምን ያገኛል? ምንስ ያጣል? ጥያቄው ይኸው ነው። የመረጥኩትም ከዓመታት በፊት በወረቀት ላይ በትክክል ሠርቼው፣ መንገድ ላይ ግን የተሳሳትኩበት ጥያቄ ስለሆነ ነው። ስሕተቱ የእኔ ነበር፤ ያረሙኝም የዩኒቨርሲቲ ደጅ ያልረገጡ አንድ አረጋዊ መካኒክ ናቸው። ታሪኩን በቦታው እነግራችኋለሁ፤ አስቀድመን መሣሪያውን እንወቀው።

ደጋኑና ቀስቱ

የተሰበሰብንበት ሰፈር ጥንተ ስሙ አራዳ ነው። ፒያሳ የሚለው ስም ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙም አደባባይ ማለት ነው። ጋራዦቻችንም ከዚያው ቋንቋ ብዙ ወርሰዋል፤ ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ቡሎን፣ ካቻቢቴ፣ ጎሚስታ የምንላቸው ሁሉ ከዚያ የመጡ ናቸው። ባሌስትራም እንዲሁ ነው። በጣልያንኛ ቃሉ በመጀመሪያ የሚጠራው በእንጨት እጀታ ላይ የተጋደመ ደጋን ያለውን የጥንት የጦር መሣሪያ ነው። መኪናው ሊታጠፍ ሲል ብልጭ የምታደርገው ፍሬቻ ደግሞ በዚያው ቋንቋ ቀስት ማለት ናት። እንግዲህ መኪኖቻችን ደጋኑን ከሥር፣ ቀስቱን ከጎን ይዘው ይዞራሉ ማለት ነው።

ስሙ በአጋጣሚ የተሰጠ አይደለም። ባሌስትራ በእርግጥም ደጋን ነው። ርዝመታቸው ደረጃ በደረጃ የሚያጥር፣ በጥቂቱ የጎበጡ ዝርግ ብረቶች ተነባብረው በመካከል በፐርኖ ይታሰራሉ። ረጅሙና ዋናው ብረት ሁለቱ ጫፎቹ ተጠቅልለው ዓይን ይሠራሉ። የፊተኛው ዓይን በሻንሲው ላይ በቀጥታ ይታሰራል፤ የኋለኛው ዓይን ግን በተወዛዋዥ ማያያዣ ይንጠለጠላል፤ ደጋኑ ሲዘረጋ ርዝመቱ ስለሚጨምር መሄጃ ሊኖረው ይገባልና። መካከሉ ደግሞ በዩ ቅርጽ በታጠፉ ቡሎኖች ከኋላው አክስል ጋር ይጠፈራል።

ሞላ የምንለውን ጥቅልል ብረት ከባሌስትራ ጋር ብናነጻጽር አንድ ትልቅ ልዩነት እናያለን። ሞላ የሚሠራው አንድ ሥራ ነው፤ ክብደት ይሸከማል። ባሌስትራ ግን አምስት ሥራ ይሠራል። አንደኛ፣ ክብደት ይሸከማል። ሁለተኛ፣ አክስሉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ይይዛል። ሦስተኛ፣ ወደ ጎን እንዳይሄድ ይገታል። አራተኛ፣ ሞተሩ ሲገፋና ፍሬን ሲያዝ አክስሉ በራሱ ዙሪያ እንዳይጠመዘዝ ይቃወማል። አምስተኛ፣ ብረቶቹ እርስ በርስ ሲፋተጉ ንዝረቱን በመጠኑ ያበርዳሉ። ስለዚህ «ቁመቱን ብቻ ነው የምነካው» ብሎ ባሌስትራ የሚፈታ ሰው አምስቱንም ነካክቷል።

ለምን ዝቅ ይደረጋል?

መኪናን ዝቅ ማድረግ እንደ ባህል የታወቀው በካሊፎርኒያ በሚኖሩ የሜክሲኮ ተወላጆች ዘንድ ነው። ልማዱ ከመስፋፋቱ የተነሣ የግዛቲቱ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ የትኛውም የመኪና አካል ከቸርኬው የታችኛ ጠርዝ በታች እንዳይወርድ ከለከለ። በኋላም ወጣቶች ትናንሽ የጃፓን ፒክአፖችን እየገዙ ያወርዱ ጀመር። ለእነርሱ ጉዳዩ በአመዛኙ የመልክ ነበር።

ነገር ግን መልክ ብቻ አይደለም፤ ፍትሕ እንስጠው። መኪና ዝቅ ሲል የክብደት ማዕከሉም ይወርዳል። መኪና ለመገልበጥ ያለውን ዝንባሌ በቀላሉ የምንለካው የሁለቱን ጎማዎች መራራቅ በክብደት ማዕከሉ ከፍታ እጥፍ በማካፈል ነው። የጎማዎቹ መራራቅ 1.50 ሜትር፣ የማዕከሉ ከፍታ 0.75 ሜትር ቢሆን ውጤቱ 1.00 ነው። ማዕከሉን በ5 ሳንቲ ሜትር ብናወርደው 1.07 ይሆናል። ጥቂት ቢሆንም እውነተኛ ትርፍ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ለእኛ ይበልጥ የቀረበ ነው፤ እርሱም የጭነት ወለሉ ከፍታ ነው። ኩንታል በጀርባው የሚጭን ሰው እያንዳንዱን ሳንቲ ሜትር በወገቡ ይከፍላል። የምነግራችሁ ታሪክም ከዚህ ይነሣል።

አምስት መንገዶች

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። ቁጥሮቹ እንዲጨበጡ አንድ ምሳሌ ባሌስትራ እንውሰድ፤ ከዓይን እስከ ዓይን 1,200 ሚሊ ሜትር ርዝመት፣ 60 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ እያንዳንዳቸው 7 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው 5 ዝርግ ብረቶች። የዚህ ባሌስትራ ጥንካሬ በታወቀው ቀመር ሲሰላ በሚሊ ሜትር 32.7 ኒውተን ያህል ነው። መኪናው ባዶ ሲሆን በእያንዳንዱ ባሌስትራ ላይ 2,000 ኒውተን፣ ሲጫን 5,000 ኒውተን ያርፋል እንበል። ልዩነቱ በሁለቱ ባሌስትራዎች ሲደመር 6 ኩንታል ገደማ ጭነት ነው። ባዶው መኪና ባሌስትራውን 61 ሚሊ ሜትር፣ የተጫነው 153 ሚሊ ሜትር ይለምጠዋል።

የመጀመሪያውና ቀላሉ መንገድ አንድ ዝርግ ብረት ማውጣት ነው። ከአምስት ወደ አራት ስንወርድ ጥንካሬው በ20 በመቶ ይቀንሳል። ባዶው መኪና ከዚህ የሚያገኘው ዝቅታ ግን 15 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ሲጫን 38 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ልብ በሉ፤ መኪናው ዝቅ እንዲል በሚፈለግበት በባዶነቱ ጊዜ ጥቂት ይወርዳል፣ መውረድ በማይገባው በጭነቱ ጊዜ ብዙ ይወርዳል። በብረቱ ውስጥ ያለው ውጥረትም ከ612 ወደ 765 ሜጋፓስካል ያድጋል። አንድ ጉድጓድ ጭነቱን ለቅጽበት በአንድ ተኩል እጥፍ ቢያሳድገው 1,150 ሜጋፓስካል ያህል እንደርሳለን። ለባሌስትራ የሚውሉ ብዙ የብረት ዓይነቶች ከታጠፉ ወደ ነበሩበት የማይመለሱበት ወሰን ከ1,000 እስከ 1,200 ባለው ክልል ይገኛል። እንግዲህ አንድ ብረት በማውጣታችን ከወሰኑ ጋር ተፋጠጥን ማለት ነው።

ሁለተኛው መንገድ ጉብጠቱን ማቃናት ነው። ይህ በቀዝቃዛው፣ በመጫኛ መሣሪያ፣ ቀስ በቀስ ከተሠራ የብረቱ ጥንካሬ ሳይለወጥ ቁመቱ ይወርዳል። ችግሩ በእሳት ሲሠራ ነው። የባሌስትራ ብረት ባሕርዩን ያገኘው 850 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ግሎ፣ በድንገት ቀዝቅዞ፣ ከዚያም ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ባለው ሙቀት እንደገና ተለዝቦ ነው። በጋዝ ነበልባል አንድ ቦታ ላይ ማጋል ይህን ሁሉ ይደመስሰዋል። ይህንን ቀጥቃጮቻችን ከማናችንም በፊት ያውቁታል። አሮጌ ባሌስትራ ገዝተው ማረሻና መጥረቢያ ሲያወጡለት መጀመሪያ አግለው ያለዝቡታል፤ ስለቱን ሠርተው ሲጨርሱ ደግሞ «ውሃ ያጠጡታል»። እሳት የነካው ብረት ውሃ ካልጠጣ የድሮው ብረት እንዳልሆነ ያውቃሉ። እዚሁ አቅራቢያ ሠራተኛ ሰፈር የሚባለው ቦታ ስሙን ያገኘው በምኒልክ ዘመን ከሰፈሩበት የእጅ ባለሙያዎች መሆኑን ስናስብ፣ ይህ ዕውቀት ለዚህ ሰፈር እንግዳ አይደለም።

ሦስተኛው መንገድ በኋለኛው ጫፍ ያለውን ተወዛዋዥ ማያያዣ መለወጥ ነው። አክስሉ በባሌስትራው መካከል ስለሚገኝ አንዱ ጫፍ በ50 ሚሊ ሜትር ሲንቀሳቀስ አክስሉ በግማሹ፣ በ25 ሚሊ ሜትር ብቻ ይንቀሳቀሳል። ነገር ግን ባሌስትራው በጠቅላላ 2.4 ዲግሪ ያህል ያጋድላል፤ ዲፈረንሻሉም አብሮት ያጋድላል። ከካምቢዮ ወደ ኋላ ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ በሁለቱ ጫፎቹ ክሮቼራ አለው። የሁለቱ ክሮቼራዎች ማዕዘን እኩል ካልሆነ ዘንጉ በአንድ ዙር ውስጥ ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል፤ መኪናው ይንቀጠቀጣል፣ ክሮቼራውም ያለ ዕድሜው ያልቃል።

አራተኛው መንገድ በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል የብረት ጉርድ ማስገባት ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ባሌስትራው ከአክስሉ በላይ ተቀምጦ ከሆነ ጉርዱ መኪናውን ከፍ ያደርገዋል፤ ባሌስትራው ከአክስሉ በታች ታስሮ ከሆነ ግን ዝቅ ያደርገዋል። ያው አንድ ጉርድ በአንዱ መኪና ላይ የሚሠራውን በሌላው ላይ ያፈርሳል። ስለዚህ ጉርድ ከመግዛት በፊት ከመኪናው ሥር ተኝቶ ማየት ይቀድማል።

አምስተኛው ብርቱው ነው፤ ከባሌስትራው በታች ያለውን አክስል ከባሌስትራው በላይ ማድረግ። የሚገኘው ዝቅታ የአክስሉ ቱቦ ውፍረትና የባሌስትራው ውፍረት ድምር ነው። ቱቦው 75 ሚሊ ሜትር፣ ባሌስትራው 35 ሚሊ ሜትር ቢሆኑ 110 ሚሊ ሜትር እናገኛለን። ለዚህ ግን በአክስሉ ላይ አዲስ መቀመጫ መበየድ ያስፈልጋል፤ አክስሉም ሻንሲውን እንዳይመታ ብዙውን ጊዜ ሻንሲው ራሱ ተቆርጦ በሌላ ብረት መጠናከር አለበት። የመኪናን አከርካሪ መቁረጥ ለሁሉም ብየዳ ቤት የሚሰጥ ሥራ አይደለም።

የሆነው ነገር

አሁን ወደ ታሪኩ ልምጣ። አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. ከፒያሳ ከመነሣቱ ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ፣ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ወደ ቢሮዬ መጣ። አባቱ ባንድ የጃፓን ሥሪት አሮጌ ፒክአፕ ሽንኩርትና ድንች ወደ ተራው ያመላልሱ ነበር። ወገባቸውን ታመው ኩንታል ወደ ጭነት ወለሉ ማንሣት አቅቷቸዋል። ረዳት ለመቅጠር ደግሞ ገቢው አይፈቅድም። «መምህር፣ የኋላውን ትንሽ ዝቅ ብናደርግላቸውስ?» አለኝ።

ጥያቄው ልቤን ነካው፤ እንደ ሜካኒካል መሐንዲስም ደስ አሰኘኝ። ተቀምጬ አሰላሁ። ባሌስትራውን በቀዝቃዛው በማቃናት 60 ሚሊ ሜትር ለማውረድ ወሰንኩ። ብረት አላወጣሁም፤ ስለዚህ ጥንካሬው አይለወጥም። እሳት አላስነካሁም። የክሮቼራዎቹን ማዕዘን ለካሁ፤ ደህና ነበር። አሞርዛተሩን በልኩ አስቀየርኩ። የመጨረሻው ስጋቴ አክስሉ ወደ ላይ ለመሄድ ያለው ቦታ ነበር። በምሳሌአችን ቁጥሮች ላስረዳ፤ ባዶው መኪና ከአክስሉ እስከ ማቆሚያ ጎማው 150 ሚሊ ሜትር አለው እንበል። ሙሉ ጭነት 92 ሚሊ ሜትሩን ይበላል፤ ለጉድጓዱ 58 ይተርፋል። መኪናውን 60 ካወረድነው ግን ሙሉ ጭነት ሲጫን ምንም አይተርፍም። ስለዚህ «ከ3 ኩንታል በላይ አይጫን» ብዬ ጻፍኩ። ሁሉን ያሰብኩ መሰለኝ።

ሥራው ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ ትንሽ ጋራዥ እኔ በጻፍኩት መሠረት ተሠራ። የሠራው ወጣት ያዘዝኩትን አንድም ሳያጎድል ፈጽሟል። ወሩ ሐምሌ ነበር። ካፊያ እየጣለ ተማሪዬ መሪውን፣ እኔ ጎኑን ይዘን ባዶውን መኪና ልንሞክር ወጣን፤ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ የሚወስደውንም ቁልቁለት ተያያዝነው። ፊታችን አንድ ሚኒባስ ሰው ሊያወርድ ቆመ። ተማሪዬ ፍሬን ያዘ፤ አጥብቆም አልያዘም። የኋላው ጎማ ታሰረ። የመኪናው ጭራ ወደ ግራ ዞረ፤ እኛም መንገዱን አግድመን ቆምን። በእግዚአብሔር ቸርነት ከላይ የሚመጣ መኪና አልነበረም። ማንም አልተጎዳም። ለረጅም ጊዜ ሁለታችንም አልተነጋገርንም።

ተመልሰን ስንገባ ከጋራዡ አጠገብ የራሳቸው ሥራ ያላቸው አንድ አረጋዊ መካኒክ ጠጋ አሉ። የሆነውን ነገርኳቸው። ምንም ሳይሉ ካርቶን አንጥፈው ከመኪናው ሥር ተኙ። ትንሽ ቆይተው ጠሩኝ፤ እኔም ከጎናቸው ተኛሁ። በሻንሲው ላይ የተቀመጠች የእጅ መዳፍ የማትሞላ ቫልቭ፣ ከእርሷም ወጥታ ወደ አክስሉ የምትወርድ ቀጭን ዘንግ በጣታቸው አሳዩኝ።

«ዶክተር፣ ይቺ ዘንግ ምን እንደምትሠራ ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ ጋሼ» አልኩ።

«እንግዲያው መኪናዋን ዋሽተናታል። ባዶዋን ሳለች ተጭነሻል ብለናታል።»

ዘንጓ የምታነበው

ለተማሪዎች ላብራራ። መኪና ፍሬን ሲይዝ ክብደቱ ወደ ፊት ያዘነብላል፤ የኋላው ይቀላል። ባዶ ፒክአፕ ድሮውንም ኋላው ቀላል ነው። የኋላው ጎማ ከፊተኛው ቀድሞ ከታሰረ ጭራው ጭንቅላቱን ለመቅደም ይሞክራል፤ መኪናውም ይዞራል። ፊተኛው ቀድሞ ቢታሰር መሪው አይታዘዝም፤ መኪናው ግን ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሁለቱም መጥፎ ናቸው፤ የመጀመሪያው ግን የከፋ ነው። ስለዚህ ባዶ ፒክአፕ ለኋላ ፍሬኑ ጥቂት፣ የተጫነ ፒክአፕ ብዙ ግፊት ያስፈልገዋል።

መኪናው መጫኑን በምን ያውቃል? ሚዛን የለውም። ያለው ያቺ ዘንግ ናት። ሲጫን ሻንሲው ወደ አክስሉ ይቀርባል፤ ዘንጓ ቫልቩን ትገፋለች፤ ቫልቩም ወደ ኋላ የሚሄደውን የፍሬን ዘይት ግፊት ይጨምራል። ለቫልቩ ከፍታ ማለት ጭነት ማለት ነው፤ ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም።

እኔ በወረቀቴ ላይ ከፍታን እንደ ከፍታ ብቻ ቆጠርኩት። 60 ሚሊ ሜትርን በ32.7 ኒውተን ብናባዛ 1,962 ኒውተን፣ ማለትም በእያንዳንዱ ባሌስትራ 200 ኪሎ ግራም ያህል እናገኛለን። በሁለቱ 4 ኩንታል ይሆናል። ያ ባዶ መኪና ሌላውን ሁሉ ትክክል አድርጌለት ሳለ ፍሬኑ 4 ኩንታል የጫነ መስሎት ነበር። በእርጥብ ቁልቁለት ላይ ለ4 ኩንታል የተመጠነውን ግፊት ለባዶ ጭራ ላከ። የቀረው የፊዚክስ ሥራ ነው።

ስሌቱ ከባድ አልነበረም፤ ማባዛት ብቻ ነው። ያላሰላሁት ስላልቻልኩ ሳይሆን ባሌስትራን ስመለከት የፍሬኑን ሥርዓት ስላልተመለከትኩ ነው። በትምህርት ቤት ሁለቱ በተለያየ ኮርስ፣ በተለያየ ሴሚስተር ይሰጣሉ። ከመኪናው ሥር ለተኛ ሰው ግን አንድ ክንድ አይራራቁም።

ከፍ ማድረግስ?

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ማውረድ ነው። አገራችን ውስጥ ግን ከመውረድ ይልቅ የተለመደው ተቃራኒው ነው፤ ብዙ ለመጫንና ከመንገዱ ድንጋይ ለመሸሽ ባሌስትራ መጨመር። ብዙዎቻችን ይህን ማጠናከር እንለዋለን፤ አደጋ የለውም ብለንም እናምናለን። ያቺ ዘንግ ግን እዚህም አለች።

በምሳሌአችን ላይ ስድስተኛ ብረት እንጨምር። ጥንካሬው ወደ 39.2 ያድጋል። በ6 ኩንታል ጭነት ባሌስትራው 153 ሳይሆን 127 ሚሊ ሜትር ብቻ ይለመጣል። የጎደለው 26 ሚሊ ሜትር ለቫልቩ ሲተረጎም 1.7 ኩንታል ያህል ጭነት ማለት ነው፤ ይህን ያህሉ ለፍሬኑ አይታይም። የተጨመረው ብረት የበለጠ የጎበጠ ከሆነ፣ እንደሚደረገውም ከሆነ፣ የተሰወረው ክብደት ከዚህ ይበልጣል። ባለቤቱ ባሌስትራ የጨመረው ደግሞ ከ6 ኩንታል በላይ ሊጭን ነው። ስለዚህ ጭነቱ ሲበዛ የኋላ ፍሬኑ ይሰንፋል፤ ሥራው ሁሉ በፊተኛው ላይ ይወድቃል። በከተማ ይህ ላይታወቅ ይችላል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ በሚወርደው መንገድ ላይ ግን የፊት ፍሬን ይግላል፤ የጋለ ፍሬንም የመያዝ ኃይሉን እያጣ ይሄዳል። ያን ጊዜ «ፍሬን በጠሰ» እንላለን። ብዙ ጊዜ የበጠሰ ነገር የለም።

የወረደው መኪና ተጭኛለሁ ብሎ ይሳሳታል፤ ከፍ ያለው ባዶ ነኝ ብሎ ይሳሳታል። ሁለቱም ሰው የሚገድል ስሕተት ነው፤ ምንጫቸውም አንድ ነው።

በጎማ ፍጥነት መለኪያ የኋላውን ፍሬን የሚቆጣጠሩ አዳዲስ መኪኖች በዘንግ አይመሩም፤ አደጋው ለእነርሱ ያነሰ ነው። ነገር ግን በመንገዳችን ላይ ዘንግ ያላቸው መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ይሠራሉ። ዘንጋቸው የተፈታ፣ በሽቦ የታሰረ ወይም ዝጎ የደረቀም አለ።

ከሥራው በፊት

ባሌስትራ ሊነካ የሚፈልግ ሰው ቢያማክረኝ ዛሬ አምስት ነገር እጠይቀዋለሁ። ባሌስትራው ከአክስሉ በላይ ነው ወይስ በታች? አክስሉ ወደ ላይ ለመሄድ ስንት ሚሊ ሜትር አለው፣ ሙሉ ጭነትስ ከዚያ ስንቱን ይበላል? የክሮቼራዎቹ ማዕዘን ከሥራው በኋላ እኩል ይሆናል? የፍሬን ቱቦዎችና አሞርዛተሩ በአዲሱ ከፍታ አይወጠሩም ወይም አይጨመቁም? የጭነት ዘንጓስ የት ደረሰች?

የዘንጓን ነገር ጥቂት ልጨምር። ባሌስትራው ጥንካሬው ሳይለወጥ በ60 ሚሊ ሜትር ብቻ ከወረደ፣ የዘንጓን ማያያዣ በዚያው ልክ በማዛወር፣ ከዚያም በፋብሪካው መመሪያና በግፊት መለኪያ በማረጋገጥ ውሸቱን ማረም ይቻላል። ብረት ተቀንሶ ወይም ተጨምሮ ጥንካሬው ከተለወጠ ግን ማዛወር ብቻ አይበቃም። መነሻው ቢስተካከል እንኳ በእያንዳንዱ ኩንታል የሚወርደው ሚሊ ሜትር ተለውጧልና፤ አንዱን ጫፍ ስናርም ሌላው ይሳሳታል። ብረት ማውጣትን ከሁሉ አብዝቼ የምቃወመው በዚህ ምክንያት ነው።

የአባትየውስ ነገር?

ዘንጓን አዛውረን መኪናውን ባወረድነው ከፍታ ልንተወው እንችል ነበር። አባትየው ግን «3 ኩንታልማ ነዳጁንም አይከፍል» አሉ፤ ልክ ነበሩ። ባሌስትራውን በድሮው ልክ አስመለስነው። ይህን ሁሉ ሲያዳምጡ የቆዩት መካኒክ ታዲያ አንድ ጥያቄ ጠየቁ፤ «መኪናውን ወደ ሰውየው ከማውረድ ኩንታሉን ወደ መኪናው ማውጣት አይሻልም?»

የጭነት ወለሉ ከመሬት 70 ሳንቲ ሜትር ነበር። 2.10 ሜትር ርዝመት ያለው ወፍራም ጣውላ ተገዛ፤ በአንዱ ጫፉ የጭነት በሩን የሚጨብጥ ብረት ተበየደለት፤ ባለ ሁለት ጎማ የእጅ ጋሪም ተጨመረ። ተዳፋቱ አንድ ለሦስት ነው። 100 ኪሎ ግራም ለማንሣት ይፈለግ የነበረው ኃይል፣ ከፍትጊያው በቀር፣ ወደ 33 ኪሎ ግራም ወረደ። ይህ ስሌት ለሰባተኛ ክፍል ተማሪ የሚሰጥ ነው። እኔ ከእርሱ ጀምሬ ቢሆን ኖሮ ያን ቁልቁለት አግድሜ አልቆምም ነበር። አባትየው አትክልት ተራው እስኪነሣ ድረስ በዚያው ጣውላ ሠሩ።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የተሽከርካሪ ምሕንድስና ሳስተምር የመጀመሪያውን ሰዓት በክፍል ውስጥ አልጀምርም። ተማሪዎቼን ካርቶን አስይዤ ከአንድ ፒክአፕ ሥር አስተኛቸዋለሁ። ጥያቄውም አንድ ነው፤ «ከዚህ ባሌስትራ ጋር የተያያዘውን ሁሉ ቁጠሩ።» ዘንጓን በመጀመሪያው ዙር የሚቆጥሩ ጥቂቶች ናቸው። ከሥር ሲወጡ ግን ሁሉም ያውቋታል።



ከአዳራሹ የቀረበ ጥያቄ

ጥያቄ፦ ፒክአፕ ፈጽሞ ዝቅ መደረግ የለበትም ማለትዎ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ጭነት የማይጭን መኪና፣ ባሌስትራው በቀዝቃዛው ተቃንቶ ወይም በዝቅታ ልክ በፋብሪካ ተሠርቶ፣ ዘንጉም ተስተካክሎ፣ ፍሬኑም በባዶና በጭነት ተፈትሾ በመጠኑ ቢወርድ አልቃወምም። የምቃወመው አንድ መኪና በአንድ ጊዜ ዝቅ ያለም፣ ሙሉ ጭነት የሚጭንም፣ ደህና ፍሬን ያለውም ይሆናል የሚለውን ተስፋ ነው። የእኔ ወረቀት ተስፋ ያደረገው ይህንኑ ነበር። ስለዚህ ማንም ሰው ከመወሰኑ በፊት መኪናው ምን ሊሠራበት እንደሆነ ባለቤቱን ይጠይቅ፤ እኔ አባትየውን የጠየቅኋቸው ሥራው ካለቀ በኋላ ነውና።